ጣት አውጥቶ ማስፈቀድ

ብሩክሊን ሴንተር ባለው ቤታችን፣ የሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ የመደገፊያ ብረት አለ። ባለቤቴ ታደሰ ሲታመም ያስገጠምነው ነው። ካረፈ በኋላ ልጄ ሳራ «ማሚ፣ ይሄን ሪሙቭ እናድርገው?» አለችኝ። «ይቆይ» አልኳት። ምክንያቱን ለማስረዳት ከናዝሬት፣ ከሦስተኛ ክፍል መጀመር ሊኖርብኝ ነው።

ልጅ እያለሁ በእኛ ቤት የዚያ ነገር ስም አይጠራም ነበር። አባቴ «ደጅ ልውጣ» ይላል። ጎረቤታችን ሽማግሌው «እስቲ ወገቤን ልሞክር» ብለው ጋቢያቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። ለእኛ ለልጆቹ «አአ» ተፈቅዳልን ነበር፣ እሷም እንግዳ ከሌለ። እናቴ ከጓሮ ስትመለስ እጇን እየታጠበች «ተመስገን» ትላለች። ለዚህም ምስጋና አለ ወይ እያልን እንስቅባታለን። «ሳቁ» ትለናለች፣ «መብላት ብቻ ጸጋ የሚመስለው ልጅ ነው።»

የእንግሊዝኛ መምህራችን አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ጣቱን አውጥቶ በእንግሊዝኛ ያላስፈቀደ አይወጣም። እኔ ከሌላ ትምህርት ቤት ገና መምጣቴ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የበላሁት ያልበሰለ ማንጎ ክፍል ውስጥ ሆዴን ቆረጠኝ። ጣቴን አውጥቼ «ቲቸር፣ ውጭ ልውጣ» አልኩ። «በእንግሊዝኛ» አሉኝ፣ ከሰሌዳው ዘወር ሳይሉ። የጠመኔው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፣ ላብ አጠመቀኝ። አጠገቤ የምትቀመጠው አልማዝ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ፣ ቃል በቃል ታቀብለኝ ጀመር። ተቀብዬ በአንድ ትንፋሽ «ሜይ አይ ጎ አውት» አልኩና ፈቃዱን ሰምቼ ሳልጨርስ ባሕር ዛፎቹ ሥር ወዳለው የቆርቆሮ በር ሮጥኩ። አልማዝ ባትኖር ኖሮ እድሜ ልኬን ልጆቹ ምን እያሉ ይጠሩኝ እንደነበር አውቀዋለሁ።

ማታ ለእናቴ አወራኋት። ትርጉሙን ጠየቀችኝና «ውጭ ልውጣ ወይ ማለት ነው» አልኳት። «እንግዲያስ ፈረንጅም እንደኛ ያፍራል» አለች። ደስ ያላት መሰለኝ።

እውነቷን ነበር። እዚህ አገር መጥቼ ብሩክሊን ፓርክ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ስሠራ፣ ማንም የማያርፍበትን ክፍል «ሬስትሩም»፣ ማንም ገላውን የማይታጠብበትን «ባዝሩም» ሲሉ ሰማሁ። ነገሩ ራሱ ለሕፃናት «ነምበር ቱ»፣ ቁጥር ሁለት ነው፤ ለነርሶች ደግሞ በሁለት ፊደል ያጠረ «ቢኤም»። መዝገበ ቃላት ማገላበጥ እወዳለሁና፣ «ቶይሌት» ራሱ ድሮ የመኳኳያ ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ ትንሽ ጨርቅ እንደነበር አነበብኩ። የሐኪሞቹ «ስቱል»ም ቃሉ ሲተረጎም መቀመጫ ነው፤ እኛስ «ቁጭ ብዬ ልምጣ» እንል የለ። አንዱ ቃል ሲገማ በሌላ ይሸፍኑታል፣ ያም ሲገማ ሌላ ይፈለጋል።

ታደሰ ግን በየትኛውም ቋንቋ አይናገረውም ነበር። ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ከሰው ሁሉ ጋር የሚጫወት ሰው፣ የሕመም ማስታገሻው ሆዱን ሲያደርቀው ዝም አለ። ቤት እየመጣች የምታየው ነርስ ስትጠይቀው «ፋይን» ይላታል። ሳራ ከኩሽና ሆና «ማሚ፣ ዲድ ሂ ፑፕ?» ብላ ወጥቶለት እንደሆነ ስትጠይቀኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እውነቱን ለነርሷ የነገርኳት እኔ ነኝ። የሚያለሰልስ መድኃኒት ሰጠችውና፣ እስከ ነገ ካልወጣለት ሆስፒታል መመለሱ ነው አለችኝ። እሱ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከቤቱ እንዳላስወጣው።

በማግስቱ ጠዋት ሆዱ ሲጮህ ይሰማኛል። ብቻውን መነሳት አይችልም፤ አንሺኝ ማለት ደግሞ አፈረ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ አልጋው ግርጌ ቆምኩ። በዚያ በእንግሊዝኛ መምህራችን ድምፅ፣ «ውጭ መውጣት የሚፈልግ ተማሪ ጣቱን ያውጣ» አልኩ።

ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ የከሳ ጣት ብቅ አለ።

«ቲቸር፣ ሜይ አይ ጎ አውት?» እሱም ደሴ የተማረው ይህንኑ ነው።

«ዬስ፣ ዩ ሜይ። ሮጠህ እንዳትወድቅ ብቻ።»

ሳቀ። በአንድ እጁ እኔን፣ በሌላው ብረቱን ይዞ እየሳቀ ተቀመጠ። ስመልሰው «የእኛው መምህር በአርጩሜ ነበር የሚሸኙን፤ አንቺ ትሻያለሽ» አለኝ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ጣቱን ሲያወጣ ኖረ። ያረፈውም በገዛ አልጋው ላይ ነው።

የሳራ ልጅ የሚማርበት ክፍል በሩ ላይ የመውጫ ካርድ ተንጠልጥሏል። ልጁ የጨነቀው ለት ካርዱን አንስቶ ይሄዳል፣ ማንንም አይለምንም። ደግ ነገር ነው። እኔ ግን ያቺን የልመና ዓረፍተ ነገር አልጠላትም። አልማዝን ባገኛት፣ ያቀበለችኝ ቃል የት ድረስ እንዳደረሰኝ በነገርኳት።

አሁን ብረቱን ይዤ የምነሳው እኔ ነኝ፤ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም። እጄን ስታጠብ የእናቴ ቃል ሳላስበው ከአፌ ይወጣል። ተመስገን እላለሁ። የሚስቅብኝ ልጅ እንኳ በቤቱ የለም።