የላቀው ወንፈል

ከማክሰኝት ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌያችን፣ ላቀው የሰው እጅ ሲያይ ያየው የለም። ጎረቤቴ ነው፤ አውቀዋለሁ። በሬው የሞተበት ዓመት እንኳ በሬ አውሱኝ አላለም፤ ጓሮውን በዶማ ቆፍሮ ባቄላ ዘራ። በወንፈል ግን ፊተኛው እሱ ነው። ዛሬ ያንተን አርማለሁ፣ ነገ የኔን ታርማለህ፤ ይህ ለላቀው ውለታ ሳይሆን ሥራ ነው። ተራውን የረሳ ካለ ደጁ ቆሞ "ኧረ ተነሥ፣ ቀኔን መልስልኝ!" ይላል እንጂ አያፍርም።

አምና በሰኔ ስብሰባ ተጠራና "መንግሥት ለማዳበሪያ ዋጋ ድጎማ አድርጓል" ተባለ። ሰው አጨበጨበ። ላቀው ወደኔ ጠጋ አለ።

"የሚደጎመው ማን ነው?"

"አንተም፣ እኔም፣ ሁላችንም።"

"እኔ? ምነው፣ እንደ አሮጌ ቤት ዘምሜ አየኸኝ?"

በማግስቱ ከገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ደጅ ተሰለፍን። መጋዘን ያዡ አድማሴ ቀልደኛ ነው።

"አያ ላቀው፣ ስንት ይሁን?"

"አንድ ኩንታል። ዋጋውን ድጎማው ሳይገባበት ንገረኝ።"

"ሳይገባበት?"

"ሙሉውን ልክፈል። ድጎማውን ለደከመ ሰው ስጡት።"

"እንዴት ብዬ? ዋጋው አንድ ነው። ትርፍ ብቀበልዎ የምታሰረው እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ይቅርብኝ።"

ከኋላ አንዱ "ይቅርበታ! የሱን ለኔ ጨምርልኝ፤ እኔ ኩራት አልዘራም" ብሎ ሰልፈኛውን አሳቀ። ላቀው ዞር ብሎም አላየው። አህያዋን ባዶዋን እየነዳ ሄደ።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የላቀው ማሳ የደከመ መሬት ነው፤ ያለማዳበሪያ ስንዴው ቀጭጮ ይቀራል። ዝናቡ ገብቷል፤ መጋዘኑ በሳምንቱ መጨረሻ ሊዘጋ ነው። ከነጋዴ ልግዛ ቢል የሚሸጠው በስውር ነው፤ ላቀው ደግሞ በስውር የሚገዛ ሰው አይደለም።

በነጋታው ጠዋት ቤቱ ስደርስ ሚስቱ ወለላ የዘር ስንዴ ታበጥራለች።

"ይኸን ዘር ልፍጨው?" አለችው። "ላይበቅል ከምንቀብረው ዛሬውኑ እንብላው።"

"ተመጽውቼ ከምዘራ እሱ ይሻላል።"

"ማን መጸወተህ? በየዓመቱ ጥር ላይ ከዚያ ተራራ እርከን ስትሠራ የምትከርመው ለማን ነው?"

"መንግሥት አዝዞኝ ነዋ።"

"ከፈለህ?"

"ኧረ አልከፈለኝም።"

"ታዲያ መንግሥትን መጸወትኸው?"

ላቀው ሳቁ መጣበት። "እኔ? መንግሥትን?"

"ካልመጸወትኸው ወንፈል ነዋ! አንተ ተራህን ሠርተሃል። እሱ ቀኑን ሊመልስ ሲመጣ ምነው በር ትዘጋበታለህ?"

ላቀው መሬቱን በበትሩ ጫር ጫር አድርጎ ወደኔ ዞረ።

"ወንፈል ነው ትላለህ?"

"ከሠራህ በኋላ የመጣ ነገር ሌላ ምን ይባላል?" አልሁት።

አህያዋን ፈታት፤ እኔም ተከተልሁት። መጋዘኑ ጋ ሲደርስ ድምፁ ከሩቅ ይሰማ ነበር።

"አድማሴ! ቀኔን ልቀበል መጣሁ!"

"የምን ቀን?"

"እርከን ሠርቼ የለም? መንግሥት ወንፈል አለበት። ኩንታሌን አውጣ።"

አድማሴ እኔን አየኝ፤ አንገቴን ነቀነቅሁለት። ነገሩ ቶሎ ገባው።

"እውነትዎን ነው፣ አያ ላቀው። ትንሽ ዘግይቷል፤ ይቅር ይበሉት" አለና ኩንታሉን፣ ሁለቱን ባለ ሃምሳ ኪሎ ጆንያ፣ ተሸክሞ አወጣለት። ላቀው የተባለውን ዋጋ ከፍሎ፣ አህያዋን ጭኖ፣ በሰልፈኛው ፊት ቀስ ብሎ አለፈ። የሳቀ የለም።

ስንዴው ሸጋ ሆነ። ዛሬ በቀበሌያችን ድጎማ የሚል ሰው ጥቂት ነው፤ "የመንግሥት ወንፈል መጣ ወይ?" ነው የሚባለው።

ዘንድሮ በጥር የእርከን ሥራ ሲጠራ ሰው እንደ ወትሮው እየተጎተተ ወጣ። ተራራው ላይ ስንደርስ ላቀው ቀድሞን ድንጋይ ይክባል።

"ምነው አያ ላቀው፣ እዚሁ አደሩ እንዴ?" አለው አንዱ።

ላቀው ቀና አላለም።

"የኔ ተራ ነው" አለ።