ሳን ሆዜ የነዳኋቸው ሁለት መኪኖች

እንደ ፈረንጆቹ በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ ነው። የዚያን ዓመት ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የሁለቱ መኪኖች ሽታ ግን እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

ኦክላንድ በምኖርበት ሕንፃ ጋሼ ሀብቴ የሚባሉ ኤርትራዊ ባለታክሲ ጎረቤት ነበሩኝ። በጠዋት በሬን አንኳኩ።

"ሳን ሆዜ የሚሸጥ መኪና አግኝቻለሁ። አንተ መካኒክ ነህ፤ ና ቼክ አድርግልኝ።"

ሻጩ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። ጋራዡ ውስጥ ሁለት የድሮ መኪኖች ቆመዋል፤ ጣሪያዋ የሚገለጥ ቀይ ስፖርት መኪናና ግራጫ መርሴዲስ። ጋሼ ሰውዬውን ጥግ ወስደው አንሾካሾኩለት። ሰውዬው ዞሮ አየኝና የሁለቱንም ቁልፍ ሰጠኝ።

"ቴክ ዩር ታይም" አለኝ፤ አትቸኩል ማለቱ ነው።

ቀይዋን አስነሳሁ። መሬት ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ፍሪሲዮኗ ከባድ ነው፤ ማርሿ ግን ገና ሲነኩት ይገባል። አንድ ኩርባ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። መርሴዲሱ ደግሞ ሶፋ በለው። ሞተሩ መነሳቱም አይሰማም።

"የቱ ይሻላል?" አሉኝ ጋሼ።

"ለእርስዎ መርሴዲሱ። ቀይዋ ወገብዎን ትጨርሰዋለች።"

"እስቲ ቀይዋን ድገማት።"

ደገምኳት። መርሴዲሱንም አስደገሙኝ። ከሰዓት በኋላ ከሰውዬው ቤት ስልክ ደወሉና፣ "በቃ እንሂድ" አሉ። አልገዙም።

ቤቴ ስንደርስ፣ ኮንኮርድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆማለች። ውስጡ በሰው ሞልቷል። እናቴ አዲስ አበባ አርፋ ኖሯል። የአክስቴ ልጅ ቀድማ ሰምታ፣ ሰው እስኪሰበሰብ ከስልኬ እንዲያርቁኝ ጋሼን ለምናቸው ነው።

ሁሉም ሲያለቅስ እኔ እንባ አልመጣልኝም። "አልቅስ፣ ይውጣልህ" ይሉኛል። እኔ የማስበው የቀይዋን ማርሽ ነው። ለወራት እንደዚያው ደንዝዤ ቆየሁ። ሥራ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ጋሼን ጠየቅኳቸው።

"ለምን ደበቁኝ?"

"እኔ የእናቴን መርዶ የሰማሁት ሰው ጭኜ ስነዳ ነው። አጠገቤ የኔ የምለው ሰው አልነበረም" አሉኝ።

ዛሬ እሳቸውም የሉም። አልተቀየምኳቸውም። የእናቴን ሙት ዓመት በትክክል ባረፈችበት ቀን አስባለሁ፤ ለእኔ ግን ያን ቅዳሜ እስከ ከሰዓት በኋላ በሕይወት ነበረች።