አማት ፊት የማይገለጥ ፊት

ቴቢት ያን ቀን በረሃው መሃል ካለችው ከተማ ከታማንራሰት ገበያ የወጡት፣ ልጃቸውን ታኪያትን ከባሏ ለይቶ ከነድንኳኗ ጭኖ የሚመልስላቸው መኪና ሊከራዩ ነበር። ድንኳን የሴት ነው፤ ሴቲቱ ከሄደች ባል ሜዳ ላይ ይቀራል።

የአማቻቸው የጉማር ጥፋት አንድ ነው። ባለፈው የብርድ ወራት የቴቢት ባል ሲቀበሩ፣ ሟቹ ከልጅነቱ ግመል መጋለብ ያስተማሩት ይህ ሰው ጥምጥሙን እስከ ሽፋሽፍቱ ስቦ እንደ ግንድ ቆመ።

"አንጀቱ ድንጋይ ነው!" አሉ ቴቢት ከቀብሩ በኋላ ለታኪያት።

"እማዬ፣ አዝኗል እኮ።"

"በምን አወቅሽ?"

"አየሁታ!"

"ያየሽውስ ጨርቅ ነው።"

ደንቡ እንደሆነ አማች አማቱ ፊት ፊቱን አይገልጥም። አማቻቸው ከሆነ ወዲህ ቴቢት የሚያውቁት ለእሳቸው ሲል የተሸፈነውን ጉማር ብቻ ነው፤ ይህ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሏቸው አያውቅም።

ገበያው ውስጥ በባለእጁ በኻማዲ ደጃፍ ሲያልፉ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቁጢጥ ብሏል። ቴቢት ቆም አሉ። "ምስኪን!" አሉ በሆዳቸው፤ "ምን ሐዘን ወድቆበት ይሆን?" ሰውየውን ግን ገና አልለዩትም። ከጉልበቱ ላይ ያለውን የግመል ኮርቻ ሲያዩ ነው የደነገጡት፤ የባላቸው ነው። ጉማር ዞር ብሎ ሲያያቸው ጥምጥሙን ሳብ አደረገ።

አማትና አማች ፊት ለፊት አይነጋገሩም። "ኻማዲ፣" አሉ ቴቢት፣ "ይሄ ሰውዬ የሟቹን ኮርቻ ምን ሊያደርገው ነው በለው።"

"ምን ልታደርገው ነው? ይሉሃል። ኧረ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ሆናችሁ ጉሮሮዬን አታድርቁት!"

ጉማር አቀረቀረ። "ተሰንጥቆ ነበር፤ ላስጠግነው ነው በላቸው። ቤታቸው ጥግ ባዶውን ከሚሆን... እዚያ ቢቀመጥላቸው ብዬ..."

ቴቢት ቀና ብለው አዩት። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው። ቅድም ጀርባው ላይ ያዩት ሐዘን ግን ዓይኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል።

"መኪናውስ እማማ?" አለ ኻማዲ፤ የገበያ ወሬ አያመልጠውም።

"ትቼዋለሁ፤ አንተም ተወው!" ብለው መጎናጸፊያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ለዚህ ሰውዬ ንገረው፤ ኮርቻውን ራሱ ያምጣልኝ። ታኪያትም ትምጣ፣ አብረን እናለቅሳለን። እሱ እዚያው ጥምጥሙ ውስጥ ያልቅስ፤ አየዋለሁ።"