ጅብ የሆንኩበት ክረምት

ደረቅ ፓስታ ቋ ብሎ ሲሰበር ዛሬም ዞር ብዬ አያለሁ። ለእኔ የአጥንት ድምፅ ነው፤ በሰማሁት ቁጥር የልጆቼ የልጅነት ዘመን ከነቤቱ ይመለስብኛል። ያኔ በጅግጅጋው ግቢያችን የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ፦ ባለቤቴ ፈርዶሳ፤ የመጀመሪያ ልጃችን ሆዳን፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ታናሿ ሰዓዳ፣ ሰባት ዓመቷ፤ ግድግዳ የምንጋራው መምህር ታደሰ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ፤ በመጨረሻም እኔ፣ ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ የቴሌቪዥን ጥገናን ከመጽሐፍና ከተቃጠሉ ዕቃዎች የተማርኩ ሰው።

ልጆቼን የማሳድገው በፍርሃት ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። በበጋ ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ቆርቆሮውን ሲያንቋቋ፣ ሰዓዳ ከጨዋታዋ ተነሥታ እንድትገባ ስፈልግ «ቆሪ ኢስማሪስ መጣ!» እላት ነበር። ቆሪ ኢስማሪስ በእኛ በሶማሌዎች ተረት፣ ሲመሽ ገላውን በእንጨት አሽቶ ጅብ የሚሆን፣ ሲነጋ ደግሞ መልሶ አሽቶ ሰው የሚሆን ሰውዬ ነው። ስሙን ስጠራው እየሮጠች ትገባ ነበር፣ እኔም ልጅ መቅጣት የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ግን ነገሩ ከእጄ ወጣ። ሰዓዳ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ባየች ቁጥር «በዚያ እንጨት አሽቶ ነው ሰው የሆነው» እያለች የእናቷን ቀሚስ ትጨብጥ ጀመር፤ የሰፈራችን ሱቅ በራፍ ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው የሚቀመጡ አዛውንት ስለነበሩ በዚያ ማለፍ አቃታት፣ ትምህርት ቤቷ ደግሞ ከሱቁ ወዲያ ነበር። ቀስ በቀስ ከትምህርት ቀረች። ተቆጣሁ፣ ቁርኣን አስቀራሁባት፣ ከረሜላ ገዛሁ፤ አንዱም አልሠራም። ዓመቱን ትደግም ይሆናል ብዬ በሥራዬ ላይ እንኳ ብየዳውን አቁሜ አስብ ነበር።

ሆዳን በበኩሏ አስፈሪ ፊልም በስልክ ታይ ነበር። አንድ ቀን ስታይ ይዣት ስልኩን ነጠቅኋት።

«ሰው አስደንግጦ እንጀራ መብላት ሥራ ሆኖ ነው?» አልኳት።

«አንተም እኮ ትሠራዋለህ አባ። ካሜራ ብቻ ነው የሌለህ።»

ፈርዶሳ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። ቁጣዬ ቢመጣም ስልኩን መለስኩላት። እሷም ደብተሯን አምጥታ አሳየችኝ። ለካ ፊልሙን እያቆመች፣ ሰው የት ቦታ ላይ እንደሚደነግጥና ለምን እንደሚደነግጥ ትጽፍ ኖሯል። እኔ የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቼ እንደተማርኩት ሁሉ፣ ልጄ ፍርሃትን ፈትታ ተምራለች።

ክረምት ሲገባና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሆዳን ሐሳቧን ነገረችን፤ የቆሪ ኢስማሪስን ፊልም እንሠራለን፣ ሰዓዳም አሠራሩን ከካሜራው ኋላ ሆና ታያለች። ጅቡ እኔ እንድሆን ግድ አለች። «ሌላ ሰው ከሆነ እሱን ትፈራዋለች» አለችኝ። በሰፈሩ ሽማግሌዎች ጉባኤ የምቀመጥ ሰው በአራት እግሬ ልሄድ ነው ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኩ፣ በሦስተኛው እሺ አልኩ።

የዕቃ ቤቱን መስኮት በሸራ ጋርደን ቀትሩን አጨለምነው። አምፖሉን እኔ ከወለሉ ላይ አቆምኩት፣ ብርሃን ከታች ሲመጣ የሚያውቁትን ፊት ባዕድ ያደርገዋልና። ሆዳን ስልኩን በሰባት ዓመት ልጅ ቁመት ልክ አሰረችው። ጅቡን ሙሉውን እንደማታሳይ ነገረችን፤ ጥላውን፣ እንጨቱንና እጁን ብቻ፣ የቀረውን ተመልካቹ ራሱ ይጨርሰዋል። ሁሉም ሲዘጋጅ ተንበረከክሁ፣ እንጨቱንም አነሣሁ።

«ካት!» ብላ ሆዳን ቀረጻውን አቆመች። «አባ፣ ምን አልክ?»

«ቢስሚላህ አልኩ። ሥራ ሲጀመር ይባላል።»

በር ላይ ከእናቷ ኋላ የተለጠፈችው ሰዓዳ ብቅ አለች። «ጅብ ቢስሚላህ አይልም! ቢስሚላህ ከተባለማ ይሸሻል እንጂ!» ብላ ሳቀች። ከወራት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ከዚያ ወዲያ አዛዣችን እሷ ሆነች፤ «ዝቅ በል አባ፣ ክርንህ ይታያል» ትለኝ ነበር፣ ጅቡ አጥንት ሲቆረጥም የሚሰማውንም ድምፅ ፓስታ ስልኩ አጠገብ እየሰበረች ያወጣችው እሷ ናት።

ፊልሙን ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ መጋረጃ ዘግተን ለጎረቤት አሳየን። መምህር ታደሰ ሻዩን ይዞ ፊት ተቀመጠ፣ «እኔ ከጅብ ጋር ያደግኩ ሰው ነኝ፣ በስልክ ጅብማ አልደነግጥም» እያለ። በፊልሙ መጀመሪያ በሩ ሲጥ ሲል ፍየል ወጣች፣ ሁሉም ሳቀና ትከሻውን አላላ፤ ሆዳን የፈለገችውም ይህንኑ ነበር። ከዚያ ፊልሙ ጸጥ አለ። ድንገት እጅ በሩን ያዘ።

«በስመ አብ!» ብሎ መምህር ታደሰ ዘለለ፣ ሻዩም ከነብርጭቆው በፈርዶሳ ምንጣፍ ላይ ወረደ። ቤቱ ሁሉ ሲጮህ ሰዓዳ ብቻ መሐል ቆማ ትስቅ ነበር። «የአባቴ እጅ ነው! አጥንቱ ደግሞ የኔ ነው!»

በማግሥቱ ጠዋት ሳልልካት ብቻዋን ዳቦ ልትገዛ ወጣች። በበሩ ቀዳዳ አየኋት። አዛውንቱ ዘንድ ስትደርስ ቆም አለች፣ ከዘራቸውን አየች፣ ከዚያ ሰላምታ ሰጥታቸው አለፈች። በመስከረምም ማንም እጇን ሳይዝ ትምህርት ቤት ገባች።

አሁን ሰዓዳ አሥራ አራት ሊሞላት ነው፤ ባቢሌ ያለችው አክስቷ ዘንድ በሚኒባስ ብቻዋን ትሄዳለች። ሆዳን ሠርግ ልትቀርፅ እስከ ደምበልና አውበሬ ትጠራለች፣ የካሜራዋንም ገመድ እኔ እሸከምላታለሁ። ያኔ ልጅ እንዲታዘዘኝ አስፈራራ ነበር፤ አሁን ምክንያቱን እናገራለሁ፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ይከራከሩኛልም፣ አንዳንዴም ይረቱኛል። አምፖሉ፣ ሽቦውና የምንጣፉ ማሳጠቢያ ተደምሮ፣ መምህር ታደሰ ያዋጣውን ጨምሮ፣ ያ ፊልም ሁላችንንም ያስወጣን አራት መቶ ስልሳ ብር ብቻ ነበር።