ሳምንት ያለፈው በዓል

የዓይን ሐኪሟ የምትሠራው ኦስትኤንድ የሚባል የፍራንክፈርት ሰፈር ነው። ያኔ ትልቁ የባንክ ሕንጻ ገና እየተሠራ ስለነበር ከመጠበቂያ ክፍሉ መስኮት ክሬኖቹ ይታያሉ። እኔ ሦስት አየሁ። ባለቤቴ አንዱን ብቻ አየና ሌሎቹን ለማግኘት አንገቱን ቀስ እያደረገ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዞረ። ነገሩ የገባኝ ያን ቀን ነው። ሐኪሟ እንደነገረችን በሽታው ዓይኑን ከዳር ወደ መሀል እየበላው ነው። የቀረው በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ያለ ነው፤ እሱም አንድ ቀን ይዘጋል። መቼ እንደሆነ አታውቅም። መንዳት ግን ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል አለችው።

ፍራንክፈርት ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ለኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። በባቡር ወደ ሰፈራችን ወደ ኖርድቬስትሽታት ተመለስን። ቤት እንደገባን የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በጣቱ ወደ እኔ ገፋው። መንጃ ፈቃዱስ ከድሮ ጀምሮ ነበረኝ። ግን ባሏ ታክሲ ነጂ የሆነ ሴት መሪ የምትይዘው ምን ቆርጧት ነው?

ሆኽስት በሚባለው ሰፈር፣ ፋብሪካዎች ግቢ ውስጥ ባለው የሠራተኞች ምግብ ቤት አብራኝ የምትሠራ አንዲት ጣሊያናዊት ነበረች። አገራቸው በካርታ ላይ ቦት ጫማ ይመስላል፤ እሷ ከተረከዙ ናት። ሰላጣ ስናጥብ ስለ ትውልድ ከተማዋ ታወራኛለች። ማርያም ያረገችበት በዓል ሲደርስ አደባባዩ ላይ ትልልቅ የእንጨት ቅስቶች ይቆማሉ፣ ከላይ እስከ ታች ባለቀለም አምፖል ይደረደርባቸዋል፣ ሲበራ ዕውር እንኳ ያየዋል አለችኝ። እሷ እንደ ዋዛ ነው የተናገረችው። እኔ እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። በዓሉ መቼ ነው ብዬ ግን አልጠየቅኋትም። ፍልሰታን በየዓመቱ ጾሜ የምፈታ ሴት ቀኑን ከማን ልማር? ነሐሴ አሥራ ስድስት ነዋ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ዓይኑ ከመዘጋቱ በፊት ያንን መብራት ማየት አለበት። በአውሮፕላን እንሂድ ብለው እምቢ አለኝ። ከተማ የሚታየው እየቀረቡት ሲሄዱ ነው፣ ከሰማይ ዱብ ያለ ሰው ምንም አላየም ብሎ ተከራከረኝ። እኔ እንደምነዳ ስነግራት ልጃችን እንደ ልማዷ በጀርመንኛ መለሰችልኝ። “ዳስ ሻፍስት ዱ ኒ፣ ማማ።” በጭራሽ አትችይውም ማለቷ ነው። በጣም ተናደድኩ። ያ ንዴት ባይኖር ኖሮ ዛሬም ከሰፈራችን የገበያ ማዕከል አልፌ አልነዳም ነበር።

ኡርላውቤ፣ የዓመት ዕረፍቴ፣ የጀመረው ጾሙ ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው ነው። በማለዳ ተነሥተን ስዊዘርላንድን ስናቋርጥ ከተራራው ሥር ማለቂያ የሌለው ዋሻ ውስጥ ገባን። እጄ መሪው ላይ ደርቆ ቀረ። እሱ ግን ከሐኪሟ ዘንድ ከተመለስን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ።

“እዚህስ ከአንቺ እኩል ነኝ፤ ሁሉም የሚያየው በቀዳዳ ነው” አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጣሊያን ገብተን ወደ ደቡብ የወረድነውን ሳስታውሰው በእንቅልፍና በንቃት መካከል የሄድኩበት መንገድ ይመስለኛል። ቀይ አፈር፣ ግንዳቸው የተጠማዘዘ የወይራ ዛፎች፣ ከአስፋልቱ ላይ የሚተን ሙቀት፣ ከዚያ ደግሞ ቀይ አፈር። ቀስ ብዬ ስለምነዳ የኋላዬ መኪና ሁሉ ጡሩምባ ይነፋብኛል። ተዪአቸው ይቅደሙ ይለኛል። ማቴራ የምትባለው ከተማ ስንደርስ ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም ከዓለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ገና አፌን ሳልከፍት “ላሊበላ እንዳትዪ” አለኝ። አላልኩም። በልቤ ግን ብያለሁ፤ እሱም በልቡ እንዳለ አውቃለሁ።

የማቴራ ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑን አቃጠልኩት። ሽታው መኪናዋን ሞላት። ጋራዥ ገባን። ባለቤቴ ጣሊያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አይችልም፤ ነገር ግን የመኪና ዕቃ ስም ሁሉ ከጣሊያን በመጣበት አዲስ አበባ፣ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። ፍሪሲዮን አለ፣ ማርሽ አለ፣ ሞተር አለ፣ ከዚያ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። መካኒኩ በሳቅ ፈረሰ። ሁለቱ በመኪና ዕቃ ስም ብቻ ረጅም ወሬ አወሩ፤ እኔን ያሙኝ እንደነበር አልጠራጠርም። ማታ ያረፍንበት ቤት ገና ምንም ሳንጠይቅ የተፈጨ ባቄላ ከመራራ ጎመን ጋር በወይራ ዘይት አቀረቡልን። ጾማችንን ማን ነገራቸው ብለን ተሳሳቅን።

መኪናዋ በተጠገነች ማግስት አልቤሮቤሎን አየን፤ የቤቶቹ ክዳን እንደ ጎጆ ሾጣጣ ነው፣ ግን ድንጋይ ነው። ኦስቱኒ ከሩቅ፣ ከወይራው ማዶ ኮረብታው ላይ ነጭ ሆና ስትታይ መኪናዋን ዳር እንዳቆም ጠየቀኝ። ከተማዋ በአንድ ጊዜ ዓይኑ ውስጥ አትገባለትም። ከቀኝ ጀምሮ ቤት በቤት፣ መስኮት በመስኮት እየለቀመ ያያታል። እኔ ሞተሩን አጥፍቼ እጠብቃለሁ። ሲያይ ሳየው ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ይይዘኝ ነበር።

የጣሊያናዊቷ ከተማ የደረስነው በነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ነጠላዬን ለብሻለሁ። መኪናዋን ከግንቡ ውጭ ትቼ በእግር ገባን፤ ውስጥ ያሉት መንገዶች ለአህያ እንጂ ለመኪና የተሠሩ አይደሉም። ሙዚቃ የለም፣ ሕዝብም የለም። አደባባዩ ላይ ሁለት ሠራተኞች እንጨት እየፈቱ ይጭናሉ። ሳይነቀል የቀረው ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ያለው አንድ ቅስት ብቻ ነው። ለሽማግሌው ሠራተኛ አምፖሎቹን እያሳየሁ መቼ እንደሚበሩ በምልክት ጠየቅሁት። እጁን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ወረወረ። ከዚያ በጣቶቹ አሥራ አምስት ቆጠረልኝ።

በእነሱ አቆጣጠር ነሐሴ አሥራ አምስት፣ በእኛ ነሐሴ ዘጠኝ። ከቤታችን የወጣንበት ቀን። ስንት ዓመት ሙሉ ደመወዜን በእነሱ ወር እቀበላለሁ፣ ቴርሚኔን፣ ቀጠሮዬን፣ በእነሱ ወር እይዛለሁ፤ ማርያም ግን የምታርገው በእኛ ወር ብቻ መስሎኝ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መብራቱ ከሳምንት በፊት እንደጠፋ፣ ለሚመጣው ዓመት ደግሞ ዓይኑ ይቆይ እንደሆነ እንደማላውቅ እያነባሁ ነገርኩት።

 ከዚያ “መኪናዋን አምጫት” አለኝ።

“በዚህ መንገድ?”

“በዚህ መንገድ። እሷስ መብራት አላት አይደል?”

ብቻዬን ሄጄ አስነሣኋት። መስተዋቶቹን አጥፌ ገባሁ። ሴቶች ደጃቸው ላይ የተቀመጡበትን ወንበር ወደ ውስጥ እየሳቡ አሳለፉኝ። ምን ልናደርግ እንደሆነ የገባው ያ ሽማግሌ ሠራተኛ ወደ ቅስቱ በእጁ መራኝ። ረጅሙን መብራት አበራሁት። አምፖሎቹ ኤሌክትሪክ የላቸውም፤ ግን መስታወት ናቸው። ቀዩም አረንጓዴውም ቢጫውም በየቦታው ፈካ አለ። ከባለቤቴ አፍ ትንሽ ድምፅ ወጣች።

ጥቂት አይቶ ዞር አለና ከቅስቱ ሥር እንድቆም ጠራኝ። ዓይኔ ቀልቶ፣ ነጠላዬ ተጣሞ ቆምኩ። ከእግሬ ጀመረ። ቀስ እያለ ወደ ላይ፣ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ፊቴን፣ ከዚያ ፀጉሬን። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ሰው እያየን ነው አልኩት።

“ይዩ” አለኝ።

ዓይኑ ጨርሶ የተዘጋው ሁለት ክረምት ቆይቶ ነው። አሁን እንግዳ ሲመጣ ስለዚያ ምሽት ማውራት ይወዳል። የአምፖሎቹን ቀለም ይነግራቸዋል፣ ከዚያ ሚስቴ ሥሩ ቆማ ነበር፣ ፀጉሯ ጥቁር ነው ይላቸዋል። ፀጉሬ ከሸበተ ቆየ። አልነገርኩትም።