የአራት ሰዓቱ በሶ

በተጫዋችነቴ ማንም አያስታውሰኝም። ለወረዳችን ቡድን ስምንት ዓመት በግራ ተከላካይነት ተሰልፌያለሁ፤ በእሱ ጥፋት ተሸነፍን ያለ የለም፣ በእሱ አሸነፍን ያለም የለም። ከጨዋታ በኋላ ሰው ስለ ቡድኑ ሲያወራ አሥር ስም ይጠራና «ሌላ ደግሞ ማን ነበር?» ይላል። ያ ሌላው እኔ ነበርኩ። ዛሬ በአሰልጣኝነቴ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የማያውቀኝ ኳስ ወዳድ ጥቂት ነው። እንዴት እንዲህ ሆንክ ብለው ሲጠይቁኝ ለብዙ ዓመታት አንድ መልስ ብቻ ነበረኝ፦ በሶ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ አገር ውድድር የሚጀመረው አዝመራው ገብቶ ገበሬው ትንሽ ፋታ ሲያገኝ ነው፤ ያ ደግሞ ሁልጊዜ ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። ጨዋታው ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለው ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ ይጀመራል፤ ጾመኛ እህል የሚቀምሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። እኔም እንደ ወላጆቼ እጾም ስለነበር እነዚያን ሁሉ ዓመታት በባዶ ሆዴ ሮጫለሁ። ከእረፍት በኋላ ጉልበቴ ሲከዳኝ፣ የባላጋራው የክንፍ ተጫዋች ጥሎኝ ሲያልፍ፣ «በልቼ ቢሆን አታልፈኝም ነበር» እል ነበር በልቤ። እየደጋገምኩ ስለው አመንኩት። ከውድድሩ ውጭ በፍስክ የተጫወትናቸው ጨዋታዎችም ነበሩ፤ ያኔም ያልፈኝ ነበር። እሱን ግን ማስታወስ አልፈለግሁም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

አሰልጣኝ ስሆን ያወጣሁት የመጀመሪያ ሕግ ይሄ ነው፦ የጨዋታ ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ተጫዋች አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባል፣ አንድ አንድ የበሶ ጭብጦ ይሰጠዋል፣ እኔ እያየሁት ይበላል። ያልበላ አይሰለፍም። ቄሶቹ ሲያጉረመርሙ «የገብስ በሶ ነው፣ ቅቤ የለበት፣ ወተት የለበት፤ ምን አጠፋሁ?» እላቸዋለሁ። ጥያቄው የሰዓቱ መሆኑ ጠፍቶኝ አልነበረም። ማሸነፍ ጀመርን፤ ስናሸንፍ ማጉረምረሙም ቀነሰ።

ከዚያ አንድ ልጅ ከሞላሌ አካባቢ መጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ አባቱ የገጠር ደብር ቄስ ናቸው። መሀል ሜዳ ላይ ይጫወታል። ብዙ ሲሮጥ አታየውም፤ ኳሷ የምታርፍበት ቦታ ላይ ግን ቀድሞ ቆሞ ታገኘዋለህ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስመኘው የኖርኩትን ነገር እሱ ሳያስበው ያደርገዋል። ወደድኩት፤ ቀናሁበትም፣ ለምን እዋሻለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ልምምድ እንዳለቀ ለብቻዬ ጠብቆ አነጋገረኝ።

«አሰልጣኝ፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ግን አይደክመኝም። ይሞክሩኝ።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል። እኔም እል ነበር» አልኩት።

አልበላ አለ፤ እኔም አላሰለፍኩትም። ጨዋታዎቹን ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ከተቀያሪዎች ጋር ተቀምጦ አያቸው። ለፍጻሜው ስንደርስ ግን የመሀል ተጫዋቼ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ፤ እሱን የሚተካ ከዚህ ልጅ በቀር አልነበረኝም። በዚያ ላይ ከአንድ ትልቅ ክለብ ተጫዋች የሚመለምሉ ሰዎች መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ እንደሚመጡ ሰምተናል።

በዋዜማው አባቱ ቤቴ ድረስ መጡ። ግቡ ብላቸው እምቢ ብለው፣ በር ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔ ኳስ አልከለከልኩትም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ ነው። ጨዋታውን አሥር ሰዓት ላይ ቢያደርጉት ምን ይመስልሃል? እሱም ጾሙን አይገድፍ፣ አንተም አብልተህ ታሰልፈዋለህ።»

«አባታችን፣ እሱ በእኔ እጅ አይደለም» አልኳቸው።

በእጄ አልነበረም፤ እውነት ነው። ግን ከቤቴ እስከ አዘጋጆቹ ቢሮ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ሄጄ ብጠይቅ እሺ ይሉኝ ነበር፤ የሌላው ቡድን ልጆችም ጾመኞች ናቸው። አልሄድኩም። ሕጌን ባጥፍ በበሶ ማሸነፌ ውሸት የሚሆንብኝ መሰለኝ። እሳቸው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው፣ አንድ ነገር እንዳደረግሁላቸው ሁሉ አመስግነውኝ ሄዱ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ጭብጦውን ስሰጠው «ካልበላህ ዛሬም ትቀመጣለህ» አልኩት። ተቀበለኝ። ጥቂት አየው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞር ብሎ ማኘክ ጀመረ። እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ አፍሬ ነው መሰለኝ።

የዚያን ቀን የተጫወተውን ጨዋታ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ሜዳ አላየሁም። አንድ አገባ፣ ሁለት አመቻቸ። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ፊታችን ላይ ይበትነዋል፤ መጨረሻው ላይ ሌሎቹ ጉልበታቸውን ይዘው ሲያቃስቱ እሱ ገና እንደጀመረ ሰው ነበር። ዋንጫውን ወሰድን። መልማዮቹ መጥተው ሲጨብጡኝ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ «በሶው ነው!» አልኳቸው።

ለእሱ የሙከራ ጊዜ ሰጡት። ለእኔም ከወራት በኋላ የረዳት አሰልጣኝነት ቦታ ሰጡኝ፤ ዛሬ ያለሁበት የደረስኩት ከዚያ ተነስቼ ነው። እሱ ግን ለሙከራውም አልሄደም፣ ከልምምድም ቀረ። ሁለት ጊዜ ሰው ላክሁበት። «ትቼዋለሁ በሉት» ብሎ መለሰ። ጾሙን መግደፉ ከብዶት ነው፣ ይረሳዋል አልኩና ሥራዬን ተቀብዬ ከአገሬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ያገኘሁት አምና ነው፤ ለገና በግ ልገዛ ሞላሌ ገበያ ብወርድ በጎቹን ይዞ ቆሟል። ቀድሞ ያወቀኝ እሱ ነው። ዝቅ ብሎ ሰላም አለኝ። የአባቱን ጤና ጠየቅሁት፣ የልጆቼን ጠየቀኝ። መሸከም ስላቃተኝ በመጨረሻ ተነፈስኩት።

«ይቅርታ አድርግልኝ። ጾምህን አስገድፌሃለሁ።»

ግራ ገባው። ከዚያ ፈገግ አለ።

«ኧረ እኔ አልገደፍኩም፣ አሰልጣኝ። አፌን ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት። ጭብጦውን ጃኬቴ ኪስ ከትቼው ነበር። ዋንጫውን ከወሰድን በኋላ በላሁት። ጥሩ በሶ ነበር።»

እጄ አንዱ በግ ጀርባ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ያ ሁሉ ሩጫ በባዶ ሆዱ ነበር።

«ታዲያ ለምን ተውከው?»

«ስለዋሸሁዎት ነዋ። ለእንግዶቹ ‹በሶው ነው› ሲሏቸው አጠገብዎ ቆሜ ነበር። ሙከራውንም የሰጡኝ በዚያው ውሸት ነው። ለሚቀጥለውም ጨዋታ ልዋሽ ነው፣ ለሚቀጥለውም። ለአባቴ ብነግራቸው ‹እየዋሹ መጾም ምን ጾም ነው?› አሉኝ። እውነቱን ብነግርዎ ደግሞ አያሰልፉኝም። ቀረሁ።»

ቁጣ የለበትም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ መካከለኛ የሆንኩት ርቦኝ ሳይሆን መካከለኛ ስለሆንኩ ነው፤ ይህን ለማወቅ ያን ሁሉ ዓመት ፈጀሁ። ምናልባት አሰልጣኝ ያደረገኝም ያው መካከለኛነቴ ነው፤ ኳስ የማያቀብሉት የግራ ተከላካይ ቆሞ ሌላውን ሲያይ ይውላል። ይህን በጊዜው አምኜ ቢሆን በሶውን ለወደደ ሰጥቼ ላልወደደ እተወው ነበር። እኔ ግን ለራሴ የነገርኩት ምክንያት እንዳይፈርስብኝ ከእኔ አሥር እጅ የሚሻለውን ልጅ ውሸት አስተማርኩት።

«ና እኔ ጋ» አልኩት በጥድፊያ፣ የበጉን ዋጋ እንኳ ሳልጠይቅ። «ሙከራ እሰጥሃለሁ። በፈለግህበት ሰዓት ብላ፣ ባሻህ ጹም፤ አልጠይቅህም።»

እየቀለድኩ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን አየ። እንዳልቀለድኩ ሲገባው አዘነልኝ መሰለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ አሰልጣኝ።»

በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው አንዳንዴ ሜዳችን ድረስ መጥቶ ልሞከር ይላል። «አልፎብሃል ወንድሜ» ብዬ የምመልሰው እኔ ነኝ።