ከኮምፒውተሩ የጠፋው ሰባት ቤት

እናንተዬ፣ ጉዴን ስሙልኝ! ልጄን ሊያገባ የሚፈልግ ሰው እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ ያለው ቤታችን ድረስ መጣ። ሥራው ኮምፒውተር መጠገን ነው ሲሉኝ፣ ልፈትነው ብዬ ያን መከረኛ ኮምፒውተራችንን ፊቱ ዘረጋሁለት።

"ዶዳ፣ ሁሉን አጥፍቼ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ልጭነው ነው። የሚቀመጥ ነገር አለ?" አለኝ፣ እንደ አገሩ ወግ በዕብራይስጥ 'አክስቴ' ብሎ።

እኔ ምኑን አውቄው! "ምንም የለም፣ ጠራርገው!" አልኩት።

ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ሲነሳ እልል አልኩ። ወዲያው ትዝ ሲለኝ ግን እልልታዬን በግማሽ አቋረጥኩት። አባቴ ሳይሞት የኛን ዘር እስከ ሰባት ቤት የቆጠረበት ድምፅ እዚያው ውስጥ ነበር! ያለሱ ልጄን ለሥጋ ዘመዷ ብድራትስ?

"አንተ! ዘመድ መሆንህን አውቀህ ነው ያጠፋኸው!" አልኩት።

"ኧረ ዶዳ! ጠራርገው ያሉኝ እርስዎ!"

ሺኩን ቫቲኪም የሚባለው ሰፈር ያሉት ሽማግሌ፣ አባ ታከለ፣ ዘር በቃላቸው ያውቃሉ። ደወልኩላቸውና የስልኩን ድምፅ ለሁሉም ከፈትኩት። እሳቸው የልጁን ወገን፣ የኔን ወገን፣ የባሌን ወገን እየቆጠሩ፣ ልጁ ስሙን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፋል። ባሌና ልጄ ስልኩ ላይ አጎንብሰዋል።

"ልጆቹ በየትም አይገናኙም፣ ይጋቡ" አሉ አባ ታከለ።

ሁለተኛ እልልታዬን ሳልጨርስ ቀጠሉ።

"አንቺና ባልሽ ግን በአምስተኛው ቤት ትገናኛላችሁ። ያን ጊዜ ድግሱ ተደግሶ ስለነበር ዝም አልን።"

የልጁ ጣት ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ።

"ምን ታፈጥብኛለህ? አጥፋው!"